ድሬዳዋ የእንግዳ ከተማ ናት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ዓመቱን አስፈጽሞ ለዛሬው ጉባዔ ያበቃንን አምላክ እናመሰግናለን። በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንንም ነፍሳቸውን ይማርልን።

እኛ ብዙ የተማርን ሰዎች አይደለንም፤ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አላለፍንም። ዕድሜያችንን የፈጀነው መዝገብ ስንጽፍና ደብዳቤ ስንመራ ነው። ዛሬ እንድንናገር የተነሣነው ከአጀንዳው ውስጥ አንድ ነገር ስላለብን ነው። እርሱም በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ «አባል የሚሆነው የራሱ ወይም የቀበሌ ቤት ያለው ነው» የሚለው አንቀጽ ይሻሻል ወይስ ይቅር የሚለው ጉዳይ ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህች ከተማ በማን እንደቆመች ጥቂት እንድናስታውስ ፍቀዱልን።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ምክንያት ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ዳሩ ግን ዳገቱ አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነና ከታች ከበረሃው ቀረ። ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት ከዚሁ ሳያልፍ ቆየ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሐዲዱ እዚህ ሲያበቃ ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ ወዲያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ቡናውና ቆዳው ደግሞ በተራው ከደጋ ወርዶ እዚህ ባቡር ይጠብቃል። ጫኝ ያስፈልጋል፣ አውራጅ ያስፈልጋል፣ ጠባቂ ያስፈልጋል፣ ጸሐፊ ያስፈልጋል። ሰው ከየአገሩ የመጣው ለዚህ ነው።

ኩባንያው የፈረንሳዮች ስለነበር ከተማውም የተከፈለው እንደነሱ ልማድ ነው። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ መንገዱ በገመድ የተለካ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ የባቡሩ ሹማምንትና የውጭ አገር ነጋዴዎች የሚኖሩበት። ከደቻቱ ወዲያ መጋላ፣ የአገሬው ሰው። አገራችን የፈረንሳይ ቅኝ አልነበረችም፤ ነገር ግን ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ የመጣው ሥርዓት የቅኝ አገር ሥርዓት ነበር።

በዚያን ጊዜ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጃል። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። የከተማችን ሆቴልና አልጋ ቤት የተወለደው ከዚህ ነው። ባቡሩ ቢያድር ኖሮ ኪሳችን ባዶውን ያድር ነበር ይሉ ነበር አባቶቻችን ሲቀልዱ፤ መኪናው እንጂ ሰውየው ማደሩ ነው ያበላን ማለታቸው ነው።

ገንዘብ ያለው መንገደኛ ከዚራ፣ ግሪኮች በያዙት ሆቴል ያርፋል። ሌላው ድልድዩን ተሻግሮ መጋላ ይመጣል። እዚያ ጠጅ የምትሸጥ ሴት ጓዳዋን በመጋረጃ ከፍላ አልጋ ታከራያለች። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ጠፍር አልጋው ግቢ ይወጣና እንግዳውም ባለቤቱም ከኮከብ በታች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ማለዳ ባቡሩ ሲጮህ ሁሉም ብድግ ይላል።

ያ አንድ ሌሊት ስንቱን ሰው እንጀራ አበላ! ኩሊው ሻንጣ ይሸከማል፣ ባለጋሪው ያደርሳል፣ ውሃ ሻጩ በማለዳ ይዞራል። ልብስ አጣቢው የመንገደኛውን አቧራ ያነሣል፣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የተቀደደውን ይጥፋል። የየመን አረቡ ሱቅ ከፍቶ ያመሻል። ሕንዱና አርመኑም በየሙያው ነበሩ። በባቡሩ ጋራዥ ልጆቻችን ብረት መቁረጥና መበየድ ተማሩ፤ ባቡሩንም «ሸሚንደፈር» ብለው በፈረንሳይኛ ጠሩት። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘን ጊዜ ደግሞ የመኪና ሙያ በጣልያንኛ መጣ፤ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ የምንለው ከዚያ ነው። ሙያው ይምጣ እንጂ በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር ባንድ ገበታ አይቀመጥም፣ ሕጉም ይከለክል ነበር። የኛ ሰው ሆቴል የሚገባው ትሪ ተሸክሞ በኋላ በር ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። ከወሎ፣ ከመንዝ፣ ከጉራጌ፣ ከጨርጨር፣ ከየት ከየቱ የመጣው ያ ሁሉ ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው? ዘመድ የለው፣ ጎረቤቱም እንደሱ እንግዳ ነው። ስለዚህ እንግዳና እንግዳ ሳንቲም አዋጥቶ ዕድር አቆመ። እስላም ወንድሞቻችንም በአፎቻቸው ይረዳዱ ነበር። በኛ ከተማ ዕድር ራሱ የእንግዳ ልጅ ነው፤ ይህን ብንረሳ ነውር ይሆንብናል።

እኛ ግን ረስተን ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ወጣት ሳለን የአንድ ዕድር መዝገብ ያዥ ነበርን። ባቡር ጣቢያ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ኩሊ ነበሩ፤ ሁሉም «ወሎዬው» ይላቸዋል እንጂ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባንድ ግቢ፣ ባንድ አልጋ በኪራይ ኖሩ። ሲያርፉ አከራያቸው እትዬ ድንኳንና ጡሩንባ ነፊ ሊለምኑ መጡ። እኛም ደንቡን ገልጠን «ቤት የላቸውም፣ አባል አይደሉም» ብለን በእጃችን ጽፈን መለስናቸው። ድንኳን ሳይጣል፣ እትዬ በራፋቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው ለቀስተኛ ተቀበሉ። ጓደኞቻቸው ኩሊዎች በቃሬዛ ተሸክመው ቀበሯቸው። በኋላ ትራሳቸው ሥር የወሩ ኪራይ በጨርቅ ተቋጥሮ ተገኘ። አንድ ወር እንኳ አሳድረው አያውቁም ነበር። ያቺን ወረቀት ስንጽፍ የያዝነው እስክሪብቶ እስከ ዛሬ ይከብደናል።

«ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ መዋጮው አያስተማምንም» የሚሉ አባላት አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም። ግን እኛ መዝገቡን አገላብጠናል፤ ስም ሳንጠራ እንናገር፣ ውዝፍ ያለባቸው ባለቤት የሆኑት ናቸው። ደግሞስ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን የቀበሌ ቤት ያገኘነው በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ምክንያት? ከዚያ በፊት እኮ ወላጆቻችን ተከራይ ነበሩ።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብንን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጎርፉ ባለቤትና ተከራይ ብሎ አልለየም። ያን ሰሞን በለቅሶው ቤት ደንብ የጠየቀ ሰው አላየንም። በመከራ ቀን ያልጠየቅነውን በሰላሙ ቀን ለምን እንጠይቃለን?

የድሮው ባቡር እንደ ቀድሞው አይሄድም። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሰው ግን አሁንም ሥራ ፍለጋ ይመጣል። የሆቴል አስተናጋጇ፣ የሌሊት ዘበኛው፣ የቀን ሠራተኛው በየግቢያችን ተከራይተው አሉ። ቡናችንን ይጠጣሉ፣ ለቅሷችን ላይ ወንበር ያነሣሉ። ሲሞቱ ግን የኛ አይደሉም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ አንደኛ፣ ተከራይ በሁለት አባላት ዋስትና ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ መዋጮውን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ከከፈለ በኋላ እንደማንኛችንም ሙሉ መብት ያግኝ። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመውሰድ ከፈለገ ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ለመጓጓዣው ይሰጥ።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አያቱ ወይ አባቱ ከባቡር ወርዶ «አልጋ ይኖራል?» ብሎ ያልጠየቀ ቢኖር ጥቂት ነው። ያን ሌሊት በር የከፈተላቸው ሰው ባይኖር እኛም ባልኖርን። እጃችሁን ስታወጡ ይህን አስቡልን።