ከመሬት በታች ያለውን ማወቅ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ውሃና ፍሳሽ መስመሮች ካርታ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «የእኛ ሥራ ምንጭ ማጎልበትና ቦኖ ማቆም ነው፤ ካርታ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ቧንቧ ተቀብሮ አፈር ከለበሰ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። በብዙ ትናንሽ ከተሞች መስመሩ የት እንደሚያልፍ፣ ሳራቺኔስካውም የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነው። እርሱ ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ፣ በሶሆ ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ ዶክተር ጆን ስኖው ሟቾቹ የት ይኖሩ እንደነበርና ከየት ይቀዱ እንደነበር ተከታትሎ መረመረ። አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት በነበረው የውሃ ፓምፕ ዙሪያ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ። ወረርሽኙ በዚያን ጊዜ መብረድ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ስኖው ያገኘውን በካርታ ላይ አሳየ። በአቅራቢያው ከነበረ ቤት የሚወጣ እዳሪ ወደ ጉድጓዱ ይሰርግ እንደነበርም ኋላ ታወቀ።

አደጋው ዛሬም አለ። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ቧንቧው ባዶ ሲሆን፣ በተሰነጠቀው በኩል በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች የሚቀራረቡበትን ቦታ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በኮምፒውተር የሚሠራው ካርታ፣ ጂ.አይ.ኤስ የሚባለው፣ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ከወረቀት ካርታ የሚለየው በእያንዳንዱ መስመር ጀርባ መዝገብ ስላለው ነው፤ የቧንቧው ስፋት፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የተቀበረበት ዓመት፣ የተጠገነበት ቀን ሁሉ ይሰፍርበታል። የውሃውን መስመር በፍሳሹ መስመር ላይ ደርቦ ያሳያል። ቧንቧ ሲፈነዳም የትኛው ሳራቺኔስካ እንደሚዘጋ፣ የትኞቹ ቤቶችና የትኛው ጤና ጣቢያ ውሃ እንደሚቋረጥባቸው አስቀድሞ ይነግራል። ኪው.ጂ.አይ.ኤስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ገንዘብ ያነሰው የውሃ አገልግሎትም ሊጠቀምበት ይችላል።

በዳሬ ሰላም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 «ራማኒ ሁሪያ» በተባለው ሥራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የየሰፈሩ ነዋሪዎች መንገዶችንና የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን በእግር እየዞሩ መዝግበዋል። ያለ ፕላን የተሠሩ ሰፈሮችም በካርታው ገብተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በካርታ ላይ የሌለ ሰፈር በበጀት ላይም ይረሳልና።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ አንጋፋው ሠራተኛ ሳይሄድ አብራችሁት መስመሩን በእግር ተከተሉ፤ የሚነግራችሁንም ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ጂ.ፒ.ኤስ ያለውን ስልክ ብቻ አትመኑ። ጥቂት ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ ይህም ቧንቧውን ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ለማስቀመጥ ይበቃል። ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከሕንፃ ማዕዘን ተነሥታችሁ በሜትር ለኩ። ጉድጓዱ ሳይደፈን ልኩንና ጥልቀቱን መዝግቡ።

ሦስተኛ፣ ጥገና በተደረገ ቁጥር ካርታውን አርሙ። ያልታረመ ካርታ ካለመኖሩ ይልቅ ይጎዳል፤ ሰው አምኖት ይቆፍራልና።

እናንተም ድጋፍ የምትሰጡ ምእመናን፣ ለቧንቧ መግዣ ስታዋጡ መዝገቡን ለሚይዘው ሠራተኛም አስቡ። የተመረቀ ቦኖ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፤ ካርታው ግን ለማንም አይታይም። ይሁን እንጂ ቦኖው ከዐሥር ዓመት በኋላም ንጹሕ ውሃ እንዲሰጥ ከተፈለገ፣ ሊጠግነው የሚመጣው ሰው የት መቆፈር እንዳለበት ማወቅ አለበት።