እንግዶቻችንን ባቡር እናስለምዳቸው
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ወላጆቻችንን ከአገር ቤት አምጥተን፣ እኛ ከሥራ እስክንመለስ በመስኮት ደጅ ደጁን ሲያዩ ይውላሉ። ይህ ደግ አይደለም። ሲያትል ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ የከተማ ባቡር አላት። ከሬኒየር ቫሊ ተነሥቶ፣ በቢከን ሂል ሥር በዋሻ አልፎ፣ መሐል ከተማ ያደርሳል።

እንግዳን የሚያሳስቱት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ጣቢያው ላይ የሚከለክል በር የለም። በር የለም ማለት ግን በነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ከመሳፈር በፊት ኦርካ ካርድን መሣሪያው ላይ ማስነካት ወይም ቲኬት መግዛት ግዴታ ነው። በነጻ የሚሄዱት እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ባቡሩ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። ከመሐል ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው «ፌደራል ዌይ»፣ ከዚያ ወደ ከተማ የሚመልሰው «ሊንውድ» ይላል። «ኤርፖርት» የሚል ባቡር ሲጠብቅ የሚውል እንግዳ ብዙዎቹን ያሳልፋል።

ሦስተኛ፣ ማፈር ነው። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር፣ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ታስቦ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ነበረው፤ የኮሎምቢያ ሲቲ ምልክት ርግብ ነበረች። አለማንበብ አስቀድሞ የታሰበበት ነገር ነው፤ መጠየቅም አያሳፍርም።

እንግዲህ በሚመጣው ቅዳሜ እያንዳንዳችን አንድ እናት ወይም አንድ አባት ይዘን እንሂድ። ስንሄድ እኛ እንምራ፤ ስንመለስ እሳቸው ይምሩን።