ጎማው ሲያድግ ስሌቱም ይለወጥ
(ለትራንስፖርትና ለስምሪት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በድርቅ የተጎዳን ወገን እህል ከመጋዘን መውጣቱ ብቻ አያጠግበውም፤ ካለበት መድረስ አለበት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ የተነሡ ሠፋሪዎች ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳና ወደ ጋምቤላ በተወሰዱ ጊዜ እንደታየው፣ የሠፈራ ጣቢያ የሚመሠረተው አብዛኛውን ጊዜ ጥርጊያው መንገድ ከሚያበቃበት ወዲያ ነው። ክረምት ሲገባም ጭቃው መኪና ይይዛል። ስለዚህ አንዳንድ የስምሪት ክፍሎች የአገር አቋራጭ መኪኖቻቸውን ጎማ ከፍ ባለ ጎማ ይተካሉ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ጎማው ተለውጦ ስሌቱ እንደነበረ ሲቀር ነው።

ለምሳሌ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች የሆነ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 777 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ቸርኬ ላይ ወርዱ 285፣ የጎኑ ከፍታ 75 በመቶ የሆነ ጎማ ቢገጠም 834 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 7.3 በመቶ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው ዙርን እንጂ መሬትን ስላልሆነ፣ መኪናው 1,000 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 932 ብቻ ይመዘግባል። ፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 64 ነው።

የዚህ ስሕተት ዕዳ በቅድሚያ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ነው። በአንድ ሊትር ናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተተመነ መኪና ለ1,000 ኪሎ ሜትር 125 ሊትር ይፈጃል። መዝገቡ 932 ስለሚል ግን የሚፈቀደው 116.5 ሊትር ነው። የ8.5 ሊትሩ ጉድለት ከሾፌሩ ይጠየቃል፤ ንጹሕ ሰው በሌብነት ይጠረጠራል። ከዚህም ሌላ 150 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ጣቢያ በመዝገብ 140 ይሆናል። በዚህ ልክ ናፍጣ የተሰጠው ሌላ መኪና በደርሶ መልስ የ20 ኪሎ ሜትር ነዳጅ ይጎድለዋል።

እውነቱን ለማወቅ ጠመኔና ሜትር ይበቃሉ። የጎማው ነፋስ ተስተካክሎ፣ መኪናው የተለመደውን ጭነት እንደያዘ፣ ጎማውና መሬቱ በጠመኔ ይመልከቱ። መኪናው በቀጥታ እየተገፋ ጎማው 10 ዙር ከዞረ በኋላ ርቀቱ ተለክቶ ለ10 ይካፈላል። በነባሩም በአዲሱም ጎማ እንዲሁ ይደረግ፤ የአዲሱ ልክ ለነባሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ማረሚያ ይሆናል። ቆጣሪው እስኪስተካከል ድረስ የተመዘገበው ኪሎ ሜትር በዚሁ ይባዛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የኃይል ነው። ትልቅ ጎማ ማርሹን እንደማክበድ ይቆጠራል፤ 4.10 የነበረው ዲፈረንሻል 3.82 እንደሆነ ያህል ይሠራል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሲደክም፣ ፍሪሲዮኑ ሲቃጠልና ሞተሩ ሲግል ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ኮሮናና ፒኞኑን መለወጥ ነው። 4.10 በ1.073 ሲባዛ 4.40 ይሆናል። ለመኪናው ከሚገኙት መካከል 4.30 ለረጅም የአስፋልት ጉዞ፣ 4.56 ለጭነትና ለዳገት ይመረጣል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች ቁጥር ግን ፈጽሞ አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ በአራቱም ጎማ ሲነዳ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተጓተቱ ማርሽ ይሰብራሉ።

የሥራው ቅደም ተከተልም ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ መኪኖች ቆጣሪው የሚነበበው ከዲፈረንሻሉ በፊት ካለው የማርሽ ሳጥን ነው። በእነዚህ መኪኖች ቆጣሪው አስቀድሞ ተስተካክሎ ዲፈረንሻሉ በኋላ ቢለወጥ ስሕተቱ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ስለሆነም ዲፈረንሻል የሚለወጥ ከሆነ ያ ይቅደም፤ ከዚያ ቆጣሪው በኪሎ ሜትር ድንጋይ ይፈተን። ቀሪውን ልዩነት በኬብል በሚሠራው ላይ ትንሿን የቆጣሪ ማርሽ በመለወጥ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ላይ በማረሚያ መሣሪያ ማስተካከል ይቻላል።

አዲስ ኮሮናና ፒኞን የሚገጥም መካኒክ የጥርሶቹን ክፍተት በመለኪያ፣ አነካካታቸውን በቀለም ማረጋገጥ አለበት። መኪናው በመጀመሪያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ጭነት ተነድቶ እስኪቀዘቅዝ ይቁም፤ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አይጫንበት፤ ከዚያም የዲፈረንሻሉ ዘይት ይለወጥ።

ከትልቅ ጎማ ከሚገባው በላይ መጠበቅም ስሕተት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ከፍ የሚለው በ28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የመኪናው የመጫን አቅም አይጨምርም፤ ፍሬኑ ግን ከቀድሞው የበለጠ ይደክማል። መለዋወጫው ጎማም በዚያው ልክ ካልሆነ ጥቅም የለውም።

በመሆኑም ጎማ እንዲለወጥ የፈረመ ኃላፊ ለስሌቱም መፈረም ይገባዋል። በመኪናው የጉዞ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት፣ የዲፈረንሻሉ ቁጥርና የቆጣሪው ማረሚያ ከነቀናቸው ይጻፉ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ባልወሰደው ናፍጣ አይጠየቅም፤ በጣቢያው እህል የሚጠብቀው ሠፋሪም መኪና በመንገድ ስለቀረ ጦሙን አያድርም።