የማዘዣ ቃል ባለቤት ይኖረዋልን?



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው በአሜሪካ አገር ኦራክልና ጉግል የተባሉ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች አሥር ዓመት ያህል ስለተሟገቱበት ነገር ነው። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የምንማረውን ሁሉ ይነካናል።

ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ማክስ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን እንዴት እንደሚያመዛዝን ግን አያይም። ይህም ምግብ ቤት ገብቶ «ተጋቢኖ» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ስሙ በሁሉም ቤት አንድ ሲሆን፣ የአሠራሩ ሙያ የየጓዳው ነው። ባለሙያዎች በይነገጽ የሚሉት እንግዲህ የማዘዣ ስሞቹንና አደራደራቸውን ነው።

ጉግል አንድሮይድ የተባለውን የስልክ ሶፍትዌር ሲሠራ 11,500 ያህል የማዘዣ መስመሮችን ከጃቫ እንዳሉ ወሰደ፤ ጓዳውን ግን በራሱ መንገድ አዘጋጀ። የተወሰደው ከ2.86 ሚሊዮን መስመሮች 0.4 በመቶ ነበር። የጃቫን ፈጣሪ ኩባንያ የገዛው ኦራክል በ2010 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክስ መሠረተ። በ2012 ዳኛው ማዘዣዎቹ የቅጂ መብት አይገባቸውም ብሎ ፈረደ፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። ከዚያም ክርክሩ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ፣ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ2 በሆነ ድምፅ ለጉግል ፈረደ። የሚገርመው ግን ዋናውን ጥያቄ አልመለሰም፤ «መብቱ አለ ብንል እንኳ አወሳሰዱ ተገቢ ነው» ብሎ አለፈው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ፣ «በፈተና 11,500 መስመር የገለበጠ ተማሪ ዜሮ አያገኝምን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ነው። ሆኖም የፈተናውን ጥያቄ ሁላችንም በወረቀታችን ላይ እንገለብጣለን፤ የሚያስቀጣን የጎረቤትን መልስ መገልበጥ ነው። ጉግል መልሱን ራሱ ሠርቷል።

እርግጥ ነው፣ ስም ማውጣትም ድካም አለው። እኔ ራሴ ለአንዲት አጭር ፕሮግራም ስም ፍለጋ ግማሽ ሰዓት አጥፍቻለሁ። በፍርዱ ያልተስማሙት ዳኛ ክላረንስ ቶማስም የኦራክል ድካም ያለ ዋጋ ተወስዷል የሚል ሐሳብ ጽፈዋል፤ ይህን መናቅ አይገባም። ነገር ግን «ማክስ» ዋጋ ያገኘው ስሙን ባወጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ዓመታት ፈጅተው ስለተማሩትም ነው። ቃሉ ለአንድ ኩባንያ ርስት ከሆነ፣ የተማሪዎቹም ድካም አብሮ ይታሰራል፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ሥራ የሚሄድ ሁሉ ፊደል እንደ አዲስ መቍጠር ሊኖርበት ነው።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተርን ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል፤ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ግን አይጠብቅም። የማዘዣ ቃል ከሁለቱ በየትኛው ወገን ይቆጠር? ከመካከላችን ሕግ ለማጥናት ያሰባችሁ ወደፊት ይህ ክርክር ሊደርሳችሁ ይችላል። እኔ ዳኛ ብሆን ከአሠራር ዘዴው ወገን በቆጠርሁት ነበር።