ከበረዶው በኋላ ያሉት ሳምንታት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ሐኪም ተነስታ ስለ እርሻ ስታወራ ግር የሚለው ሰው ይኖራል። በተለይ የግብርና ፋኩልቲ ወንድሞቼና እህቶቼ «ይቺን ደግሞ ምን አገባት?» ማለታችሁ አይቀርም። ያገባኝ ነገር ይኸው ነው። ክብደቱ የወረደ ልጅ ይዞ የመጣን ወላጅ «ሕመሙ መቼ ጀመረው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ትኩሳቱን ወይም ተቅማጡን ትቶ «በረዶው የወረደ ጊዜ» የሚለኝ አለ። በረዶው የወረደው መስከረም ላይ፣ ልጁ እኛ ዘንድ የደረሰው ሰኔ ላይ ነው። በመሐል ዘጠኝ ወር አለ። እኛ ሐኪሞች የምናየው የነገሩን መጨረሻ ነው፤ መፍትሔው ግን ያለው መጀመሪያው ላይ ነው።

ድርቅ አገር ምድሩን ስለሚመታ ይቆጠራል፣ ይዘገባል፣ ዘግይቶም ቢሆን እርዳታ ይመጣል። በረዶ እንደዚያ አይደለም። ጠባብ መስመር ይዞ ይሄዳል፤ የአንዱን ጎጥ ስንዴ ከአፈር ደባልቆ ከወንዝ ማዶ ያለውን ጤፍ ሳይነካ ያልፋል። የወረዳው ምርት ሲደመር ዓመቱ «ጥሩ ዓመት» ይባላል። በዝናብ እጥረት ላይ ተመሥርቶ የሚከፍል መድንም ለዚህ ሰው አይደርስለትም፤ ዝናቡማ አልጎደለም። በጥሩ ዓመት መሐል የተራበ ቤተሰብ ጠያቂ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ማዳበሪያው በብድር የተወሰደ ከሆነ ዕዳው ከሰብሉ ጋር አይጠፋም። መጀመሪያ በጉና ፍየሉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬው። በሬ የሌለው ገበሬ በመጪው ክረምት መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል። ስለዚህ ሁለተኛ በረዶ ባይወርድም የከርሞው ምርት ገና ሳይዘራ ተከፍሏል ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም የሚሰበሰበው በአብዛኛው እህል ጎተራ በሚገባበት ሰሞን ነው፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው አባልነቱን አያሳድስም። ክረምት ላይ ልጁ ሲታመምበት «ነገ ይሻለው ይሆናል» እያለ ይቆያል። ወደ እኛ ሲያመጣው የልጁ የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዷል። አልሚ ምግብ እንሰጠዋለን፣ ያገግማል። ከዚያም ወደዚያው ባዶ ቤት እንመልሰዋለን።

ሌላም አለ፤ እሱ ደግሞ አልሚ ምግብ የማይመልሰው ነው። ሰብል በጠፋበት ዓመት ሁሉን ችሎ የሚበቅለው፣ ገበያም ላይ የሚረክሰው ጓያ ነው። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር ቢበላ ችግር የለውም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ መድኃኒትም የለውም። በይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው፤ ማለትም አራሹን ራሱን። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታና ዳውንት የታየው ይኸው ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ሌሎች የአገራችን ሐኪሞች ስለ በሽታው ብዙ አስተምረውናል። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው የበለጠ አደገኛ መሆኑን፣ ከእህል ጋር መቀላቀል እንደሚረዳም እናውቃለን። ግን የሚቀላቅለው እህል የሌለውን ሰው «ቀላቅል» ማለት ምክር ነው እንዴ?

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚደረገው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፍጥነት ነው።

በረዶው ሐምሌ ላይ ከወረደ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ እንደገና መዝራት ይቻላል፤ ከደብረ ዘይት የወጣው «ጸደይ» አንዱ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ላይ ከወረደ፣ ጥቁር አፈር ባለበት አገር መሬቱ የያዘው እርጥበት ሽምብራ ያበቅላል። ለአንድ ጥማድ፣ ለሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ 30 ኪሎ አካባቢ ዘር ይበቃል፤ ጥር ገደማም ይታጨዳል። ጎረቤት በደቦ ያርስለታል፣ ጉልበት አይቸግርም። ዘሩን ግን ደቦ አያመጣውም። ዘሩ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ቢመጣ ደግሞ እርጥበቱ ሄዷል፤ ያኔ ዘሩ ንፍሮ ሆኖ ይበላል።

ሁለተኛው፣ በሬው እንዳይሸጥ ነው። የብድሩ መክፈያ ወደሚቀጥለው አዝመራ ቢሸጋገር፣ የተመታውም ሰብል ታጭዶ ለመኖ ቢደርቅ፣ በሬው ቤት ይቆያል።

ሦስተኛው የእኛ የጤና ሰዎች ሥራ ነው። ቀበሌው መዋጮ የማይከፍሉ ድሆችን ሲመርጥ በረዶ የመታቸውን አባወራዎችና እማወራዎች ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስገባ መጠየቅ እንችላለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በእነዚያ ጎጦች የሕፃናትን ክንድ መለካት ያለባት ከጥር ጀምሮ ነው፤ ሰኔን መጠበቅ የለባትም። የትኛው ጎጥ እንደተመታ ደግሞ የልማት ሠራተኛው ያውቃል። ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ቀበሌ ውስጥ ነው፤ አንድ ወረቀት መለዋወጥ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

ለማኅበራችን ያለኝ ሐሳብም ይኸው ነው። ከዓመታዊ መዋጯችን ከፍለን ክረምት ሳይገባ የሽምብራና የጤፍ ዘር ገዝተን እናስቀምጥ። ማን እንደተመታ የግብርና መምህራኖቻችንና ተማሪዎቻቸው በሳምንት ውስጥ ያጣሩ። ምን እንደሚዘራ ገበሬው ራሱ ይምረጥ፤ መሬቱን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ዘሩ ሲደርስ በዘር ይመለስ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሁን። ገበሬው ምጽዋት አልጠየቀንም፤ የቸገረው ጊዜ ነው። በረዶ ያልወረደ ዓመት ከሆነም ዘሩን ሸጠን በአዲስ እንተካለን፤ አንከስርም።

እኔ በሰኔ አልጋ ማዘጋጀቴ አይቀርም፤ ሥራዬ ነው። ግን ለአንድ ልጅ ከማዘጋጀው አልጋ ይልቅ ለአባቱ በመስከረም የሚደርሰው 30 ኪሎ ሽምብራ የተሻለ ሕክምና ነው። ክረምቱ ሳይገባ እንወስን።