ስለ ምግብ ቧንቧ ነቀርሳና በእስትንፋስ ስለሚደረገው ምርመራ

ለዴራ ሰበካ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ንግግር



በኢዮቤልዩ በዓል የሚነገረው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ቢሆን መልካም ነበረ። ነገር ግን በአርሲና በባሌ ሰው ዘንድ እጅግ የታወቀ አንድ ደዌ አለና ዝም ሊባል አይገባውም። ይኸውም የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ነው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ ያለው አገር ይህ ሕመም ከሚበዛባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው።

የምግብ ቧንቧ ከጕሮሮ ተነሥቶ በደረት ውስጥ አልፎ እስከ ጨጓራ ይወርዳል። የሚለጠጥ ሥጋ ስለ ሆነም፥ ዕጢው መንገዱን እጅግ እስኪያጠበው ድረስ ሕመምተኛው ብዙ አያስተውለውም። መጀመሪያ ዳቦና ሥጋ ያንቀዋል፥ በውሃም እየገፋ ያወርደዋል፤ ቀጥሎ እንጀራውን በወጥ አርሶ ይበላል፤ ከዚያ አጥሚት ብቻ ይጠጣል፤ በመጨረሻ የገዛ ምራቁ እንኳ አልወርድ ይለዋል። ለልጆችዋ የምታጐርስ እናት እርስዋ መብላት መተውዋን ማን ያይባታል? ወራቱ የጾም እንደ ሆነ መክሳትዋ ሁሉ ከጾሙ ይቈጠራል። ከዴራ በኢተያ አልፎ ወደ አሰላ ሆስፒታል የሚወጣው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ብዙዎች የሚመጡት እህል ፈጽሞ ከተዘጋባቸው በኋላ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንት ይህን ሕመም ሳይጐላ የሚያውቁበትን ብልሃት ይፈልጋሉ፤ ከብልሃቶቹም አንዱ እስትንፋስን መመርመር ነው። ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ይመስላል እንጂ፥ የስኳር ሕመም የጠናበት ሰው ትንፋሹ የፍሬ ሽታ እንዲሸት ሐኪሞች ከጥንት ያውቁ ነበር። በሎንዶን በኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ጆርጅ ሃና ከባልደረቦቻቸው ጋራ ይህንኑ በመሣሪያ አደረጉት። ሰውዬው በከረጢት ውስጥ ይተነፍሳል፤ አየሩም በመሣሪያ ይመረመራል። የተመረጡት ቅመሞች አምስት ናቸው፤ ቡታይሪክ፥ ፔንታኖይክና ሄክሳኖይክ የተባሉ አሲዶች፥ ደግሞም ቡታናልና ዴካናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓመት ባወጡት ጥናት 335 ሰዎች ተመረመሩ፤ 163ቱ የምግብ ቧንቧ ወይም የጨጓራ ነቀርሳ የያዛቸው፥ 172ቱ ነቀርሳ የሌለባቸው ነበሩ። ምርመራው ከመቶ ሕመምተኞች ሰማንያውን ለየ፤ ሃያውን ሳተ። ነቀርሳ ከሌለባቸውም መቶ ሰዎች አሥራ ዘጠኙን ያህል በከንቱ አስደነገጠ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ቍጥር ነው፥ የሚያስተማምን ግን አይደለም። ከዚህም በላይ በእንግሊዝ አገር የሚበዛው የነቀርሳ ዐይነት በአርሲ ከሚበዛው ይለያል፤ ለዚያ የተሠራ መመዘኛ በዚህ እንዲሠራ ገና በዚህ አገር ሰው እስትንፋስ መፈተን አለበት። እስትንፋሱ ቢያስጠረጥር እንኳ ቍርጡ የሚታወቀው በኢንዶስኮፒ ነው፤ ይኸውም በአፍ የሚገባ፥ በጫፉ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ ነው።

ስለ መነሻው ሊቃውንት ብዙ ይላሉ። ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ያለ ጥርጥር ይከሰሳሉ፤ ጫትም ይጠረጠራል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ይህን ነቀርሳ ሳያስከትል እንደማይቀር አስታውቋል። የአርሲ ሰው ገንፎውን፥ በኦሮምኛ መርቃ የሚባለውን፥ ከነፋሎቱ መብላት ይወዳል። ገንፎ መልካም ምግብ ነው፤ ጥቂት በረድ እስኪል መታገሥም ዋጋ አያስከፍልም።

ዕጢው በቧንቧው ልባስ ላይ ብቻ ሳለ ከተገኘ፥ ደረት ሳይከፈት በዚያው በኢንዶስኮፒ ተልጦ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ከዚያ ካለፈ ቀዶ ጥገና፥ ጨረርና መድኃኒት ያስፈልጋል። እጅግ ከዘገየ ግን የሚቀረው ምግብ እንዲያልፍ የብረት ቱቦ በቧንቧው ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህም ረኃቡን ያስታግሣል እንጂ ነቀርሳውን አያድንም።

የእስትንፋሱ መሣሪያ እስኪደርስ ድረስ የንስሐ አባት የልጆቻቸውን ቤት ሲጐበኙ፥ «ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ ይወርድልሃልን?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ይረዳሉ። «አይወርድም» ያለውን ሰው ጠበሉን ሳይተው በዚያው ሳምንት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይላኩት። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ አብዛኛው ሰውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።