ግድብ ብቻውን መብራት አይሆንም

በዓለም ከ600 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኤሌክትሪክ የላቸውም፤ አብዛኞቹም ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ይኖራሉ። ብዙ አገሮች ከድንጋይ ከሰል ለመላቀቅ ሲታገሉ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ታዲያ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ላይ መብራት ሲጠፋ የየሕንፃው ጄኔሬተር ናፍጣ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? ችግሩ ያለው ከምንጩ ይልቅ በማሰራጫው ላይ ስለሆነ ነው። ኃይሉ ቤታችን የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመስመርና በሰፈር ትራንስፎርመር አልፎ ነው። እንደ አያት፣ ሲኤምሲና ሰሚት ያሉ የከተማዋ ሰፈሮች በኮንዶሚኒየም ሞልተዋል፤ 3 ኪሎ ዋት ገደማ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ በብዙ ቤት በአንድ ሰዓት ሲጣድ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ተጨምሮበታል።

መስመር ይታደስ፣ ኃይልም ይቆጠብ ሲባል «ይህን የሚያህል ግድብ እያለን ቁጠባ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ግድቡ ቢሞላም የሰፈሩ ትራንስፎርመር አቅም በዚያ አይጨምርም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለከተማ መስመር ገንዘብ ማፍሰስ ፍትሐዊ ነውን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገጠሩ መዘንጋት የለበትም። ይሁን እንጂ በአሮጌ መስመር የሚባክን ኃይል ለከተሜውም ለገጠሬውም አይደርስም። ስለዚህ መስመር ማደስ፣ ቆጣቢ ምጣድና ኤልኢዲ አምፖል ማዳረስ፣ መኪናንም ሌሊት ቻርጅ ማድረግ ከግድብ ግንባታ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።